ፈንገሱም ኮምፖስቱም በልኩ፦ ስለ ሥራሥር ሰብሎች ለቀረቡልን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ያለ ኬሚካል ማዳበሪያና ያለ ኬሚካል መድኃኒት ካሮት፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ካሳቫና ሌሎች ሥራሥር ሰብሎችን ከሚያለሙ አንባቢዎች የደረሱን ናቸው። ጸሐፊዎቹ የማይተዋወቁ ቢሆኑም ጥያቄዎቻቸው እርስ በርስ ስለሚያያዙና ለአንዱ የተሰጠው መልስ ለሌላውም ስለሚጠቅም በአንድነት አቅርበናቸዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የአንዳንዶቹንም አጻጻፍ በጥቂቱ አስተካክለናል።

ጥያቄ፦ በመደብ ላይ ካሮት አለማለሁ። ባለፉት ሦስት ዓመታት በየወቅቱ ከከብት ፍግ የተዘጋጀ ኮምፖስት በ5 ሴንቲሜትር ውፍረት እያለበስኩ መሬቱን ሳዳብር ቆይቻለሁ። ዘንድሮ ደግሞ ማይኮራይዛ የሚባለውን ፈንገስ ገዝቼ በመመሪያው መሠረት ከዘሩ ሥር ጨመርሁ፤ ይሁን እንጂ ፈንገስ ባገኘው መደብና ባላገኘው መካከል አንዳች ልዩነት አላየሁም። የተሸጠልኝ ዕቃ የሞተ ነው ወይስ እኔ የሠራሁት ስሕተት አለ?

መልስ፦ የገዙት ዕቃ የሞተ ሊሆን ይችላል፤ ወደዚያ እንመለስበታለን። ከደብዳቤዎ እንደተረዳነው ግን አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ኮምፖስቱ ነው። ይህ አባባል ለኦርጋኒክ አምራች ጆሮ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ነገሩን ከመነሻው ማስረዳት ይኖርብናል።

ማይኮራይዛ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1885 ያወጣው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ የተባለ ጀርመናዊ የእፅዋት ተመራማሪ ሲሆን፣ ቃሉን የመሠረተው «ፈንገስ» እና «ሥር» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት ነው። ስያሜው የሚያመለክተው ፈንገሱን ለብቻው ሳይሆን ፈንገሱና ሥሩ የሚፈጥሩትን ኅብረት ነው። ከሥራሥር ሰብሎች ጋር የሚኖሩት ፈንገሶች በሥሩ ሕዋሳት ውስጥ ገብተው ቅርንጫፉ የበዛ ትንሽ ዛፍ የሚመስል አካል ያበጃሉ፤ ልውውጡም የሚካሄደው በዚያ ነው። ከሥሩ ውጭ ደግሞ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ክሮችን በአፈሩ ውስጥ ይዘረጋሉ። የእነዚህ ክሮች ዋና ጥቅም ከፎስፈረስ ጠባይ የመነጨ ነው። ፎስፈረስ ከአፈር ቅንጣቶች ጋር የሚጣበቅና ከቦታ ወደ ቦታ እጅግ በዝግታ የሚንቀሳቀስ ንጥረ ነገር በመሆኑ፣ ሥሩ በዙሪያው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ባለው ጠባብ ክልል ያገኘውን ወስዶ ከጨረሰ በኋላ በቶሎ የሚተካለት የለም። የፈንገሱ ክሮች ግን ይህን ክልል አልፈው በርካታ ሴንቲሜትር ስለሚጓዙ፣ ሥሩ ራሱ ሊደርስበት ከማይችለው ስፍራ ፎስፈረስን፣ በተጨማሪም ዚንክንና መዳብን ያመጡለታል።

ይህ አገልግሎት ግን በነጻ አይገኝም። ተክሉ በቅጠሉ ካዘጋጀው ምግብ ከ4 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ለፈንገሱ ይከፍላል። ስለዚህ ፎስፈረስ በደጃፉ የተትረፈረፈለት ተክል ክፍያውን ይቀንሳል፤ ፈንገሱን ወደ ሥሩ የሚጠራበትን ኬሚካላዊ ምልክት ማመንጨቱንም ያዳክማል። ሥራ የሌለው ቤት ሠራተኛ አይቀጥርም እንደ ማለት ነው። ፈንገሱ ያለ ሕያው ሥር ዕድገቱን መቀጠል ስለማይችል፣ ምንም ያህል ጤነኛ ሆኖ ቢመጣ በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ተስፋፍቶ አይኖርም።

አሁን ወደ እርስዎ መደብ እንምጣ። በ5 ሴንቲሜትር ውፍረት ማልበስ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 50 ሊትር ኮምፖስት ማፍሰስ ነው፤ ይህም በሄክታር ሲታሰብ 500 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለአንድ ጊዜ የተጎዳ መሬትን ለማደስ ሲባል ይህን ያህል መጨመር ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ በየወቅቱ ሲደጋገም ግን ልክ ያልፋል። በኮምፖስት ውስጥ ካለው ናይትሮጂን በመጀመሪያው ዓመት ለሰብሉ የሚለቀቀው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ አምራቹ የቅጠሉን መገርጣት አይቶ ኮምፖስቱ ያነሰ ይመስለውና ይጨምራል። ፎስፈረሱ ግን እንደ ናይትሮጂን ወደ አየር አይተንም፤ ከውሃ ጋርም በቀላሉ ወደ ታች አይወርድም። በመሆኑም ከፍግ የተዘጋጀ ኮምፖስት በናይትሮጂን ፍላጎት እየተለካ በተጨመረ ቁጥር ሰብሉ ከሚፈልገው ብዙ እጥፍ የሆነ ፎስፈረስ በመደቡ ውስጥ ይከማቻል።

ምክራችን ይህ ነው። ሌላ እሽግ ፈንገስ ከመግዛትዎ በፊት አፈርዎን ያስመርምሩ። ፎስፈረሱ ከፍ ያለ ሆኖ ከተገኘ ከፍግ የሚሠራውን ኮምፖስት ለጥቂት ዓመታት ይተዉት፤ ናይትሮጂኑን እንደ ባቄላና አተር ያሉ ጥራጥሬዎችን በማፈራረቅ ያግኙት። የአፈሩን ልስላሴ ለመጠበቅ ከፈለጉም ከቅጠልና ከገለባ የተዘጋጀ ኮምፖስት ከ1 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ውፍረት፣ ማለትም በካሬ ሜትር ከ10 ሊትር ባልበለጠ መጠን ይጠቀሙ። የተከማቸው ፎስፈረስ በሰብል እየተወሰደ የሚቀንሰው ቀስ በቀስ በመሆኑ ውጤቱን በአንድ ወቅት አይጠብቁ።

ስለ ዕቃውም አንድ ነገር እንበል። በአሻሻጮች ዘንድ ሁለት ዓይነት የማይኮራይዛ ፈንገሶች በአንድ እሽግ ተቀላቅለው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ራይዞፋገስ፣ ፉነሊፎርሚስ ወይም በቀድሞው አጠራር ግሎመስ የሚል ስም ያላቸው ለካሮት፣ ለድንችና ለካሳቫ የሚሆኑት ናቸው። ፒሶሊተስና ራይዞፖጎን የሚባሉት ግን እንደ ጥድና ባሕር ዛፍ ካሉ ዛፎች ሥር ጋር ብቻ የሚኖሩ ስለሆኑ ለሥራሥር አምራች ምንም አይፈይዱም። በእሽጉ ላይ የዝርያው ስም፣ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው የፈንገስ መጠንና የአገልግሎት ማብቂያው ቀን ካልተጻፈ ባይገዙት ይሻላል። ፈንገስ የጨመሩበትንና ያልጨመሩበትን መደብ ጎን ለጎን ማስተያየትዎ ግን እጅግ የሚመሰገን ተግባር ነው፤ ብዙዎች ይህን ሳያደርጉ ነው ዕቃው ሠራ ወይም አልሠራ የሚሉት።

ጥያቄ፦ የኮምፖስት ክምሬን ስገልጠው ነጫጭ ክሮችና አመድ የመሰለ ነገር አገኘሁበት። ይህ ማይኮራይዛ ከሆነ ከገበያ መግዛት ለምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ያዩት ነገር ጥሩ ምልክት ነው፤ ማይኮራይዛ ግን አይደለም። ነጫጮቹ ክሮች ገለባና እንጨት የሚያበሰብሱ ፈንገሶች ናቸው። አመድ የሚመስለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በክምሩ ሞቃት ክፍል የሚበዛ አክቲኖማይሲት የሚባል ሲሆን፣ መልኩ ፈንገስ ቢመስልም በዘሩ ባክቴሪያ ነው። ሁለቱም ከሞተ ነገር የሚመገቡ ናቸው። ከላይ እንደተገለጸው ማይኮራይዛ የሚኖረው ከሕያው ሥር ጋር ስለሆነ፣ ሥር በሌለበትና ሙቀቱ ከፍ ባለ ክምር ውስጥ ሊራባ አይችልም። በሥር ውስጥ ሲኖርም በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም፤ ሥሩ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ስለሆነም «ሥሩ ላይ ነጭ ፈንገስ አየሁ፤ ማይኮራይዛው ይዟል» የሚል ምስክርነት ሲሰሙ በጥርጣሬ ይቀበሉት።

አመድ የመሰለው ነገር ክምሩን በስፋት ከያዘው ግን መድረቁን ሊያመለክት ይችላል። አንድ እፍኝ ወስደው ጨምቀው ይዩት፤ አንድ ሁለት ጠብታ ወጥቶ ቅርጹን ይዞ ከቀረ ርጥበቱ ደህና ነው፤ ከእጅዎ ከፈረሰ ውሃ ያንሰዋል።

ጥያቄ፦ ቀይ ሥር፣ ራዲሽና ሽንኩርት እያፈራረቅሁ አለማለሁ። ማይኮራይዛውን ለሦስቱም ብጠቀም ይሻላል ወይስ ለአንዱ? ከራዲሽ በኋላ የተተከለው ሽንኩርት ሁልጊዜ አነሳሱ ዘገምተኛ ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ለሽንኩርቱ ብቻ ይጠቀሙ። ራዲሽ፣ ተርኒፕና ሌሎች የጎመን ዘመዶች፣ እንዲሁም ቀይ ሥርና የቅርብ ዘመዶቹ ከማይኮራይዛ ጋር ኅብረት የማይፈጥሩ ጥቂት የእፅዋት ቤተሰቦች ናቸው፤ ለእነርሱ የሚጨመረው ፈንገስ የባከነ ነው። በአንጻሩ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሥራቸው ጥቂትና ወፍራም፣ የሥር ፀጉራቸውም አናሳ በመሆኑ በፈንገሱ ላይ በእጅጉ ይደገፋሉ። ካሳቫም እንዲሁ ነው፤ ፎስፈረስ ባነሰበት አፈር ያለ ፈንገሱ ማደግ እጅግ ይሳነዋል። ካሮት፣ ድንች፣ ስኳር ድንችና ጎደሬም ከፈንገሱ ጋር ይስማማሉ።

የሽንኩርትዎ ዘገምተኛነት ብዙ ምክንያት ሊኖረው ቢችልም አንደኛው ከዚሁ የሚመነጭ ሊሆን ይችላል። ፈንገሱ የሚስማማው ሥር ሳያገኝ አንድ ወቅት ሙሉ ሲቆይ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብዛት ይቀንሳል፤ ተከታዩ ሰብልም ሲነሣ አጋሩን በቶሎ አያገኝም። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር በአውስትራሊያ የእህል እርሻዎች ላይ ታይቷል፤ ርጥበት ለመቆጠብ ሲባል ለረጅም ጊዜ ባዶውን ጦም ያደረ መሬት ሲዘራ ሰብሉ የፎስፈረስና የዚንክ እጥረት ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት ችግሩን በአፈሩ ውስጥ ካለው የማይኮራይዛ መመናመን ጋር አያይዞታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በራዲሹና በሽንኩርቱ መካከል ለሁለት ወር ያህል እንኳ ቢሆን አጃ፣ ማሽላ ወይም አንድ ጥራጥሬ በሽፋን ሰብልነት ይዝሩ። የሥራሥር አምራች ምርቱን ቆፍሮ ማውጣቱ ስለማይቀርና ቁፋሮም የፈንገሱን ክሮች ስለሚበጣጥስ፣ ከምርት በኋላ መሬቱን ባዶ አለመተው ከሌላው አምራች ይልቅ ለእርሱ ይጠቅመዋል። እኛ ከሚገዛ ዕቃ ሁሉ ይህን እናስቀድማለን።

ጥያቄ፦ ትራይኮደርማ የተባለውን ፈንገስ ከኮምፖስቱ ጥሬ ዕቃ ጋር ገና ሲከመር ቀላቅዬ ነበር፤ ድንቹ ግን ጥቋቁር ቅርፊት ከማብቀል አልዳነም። ፈንገሱ ለዚህ በሽታ አይሆንም ማለት ነው? ቅጠል የሚያቃጥለውንስ በሽታ ይከላከላል?

መልስ፦ ጥቁሩን ቅርፊት የሚያመጣው ራይዞክቶኒያ የተባለ ፈንገስ ነው፤ ትራይኮደርማ ደግሞ በክሮቹ ላይ ተጠምጥሞ ግድግዳቸውን በኢንዛይም እያሟሟ ከሚመገብባቸው ፈንገሶች አንዱ ይኸው ራይዞክቶኒያ ነው። ስለዚህ የመረጡት ፈንገስ ትክክል ነበር፤ የጨመሩበት ጊዜ ግን ትክክል አልነበረም። በደንብ የተከመረ ኮምፖስት በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚሞቅ፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚስማማው ትራይኮደርማ አብዛኛው በዚያ ሙቀት ያልቃል።

በትክክል ለመጠቀም ክምሩ ሙቀቱን ጨርሶ በእጅ ሲነካ ለብ ከማለት በታች እስኪሆን ይጠብቁ። ከዚያም ፈንገሱን በጥቂት ውሃ በጥብጠው በበሰለው ኮምፖስት ላይ እያገላበጡ ያርከፍክፉ፤ ርጥበቱን ጠብቀው በጥላ ሥር ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ይተዉት። በዚህ ጊዜ ፈንገሱ በኮምፖስቱ ውስጥ ይራባል፤ ከማይኮራይዛ የሚለየውም ይህን ማድረግ መቻሉ ነው። ተመራማሪው ሃሪ ሆይቲንክ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባካሄዳቸው ሥራዎች፣ በሽታን የሚገታ ኮምፖስት ይህን ኃይሉን የሚያገኘው ከሙቀቱ ጊዜ በኋላ ጠቃሚ ሕዋሳት ተመልሰው ሲሰፍሩበት መሆኑን አሳይቷል። ከክምሩ ውጫዊ ንብርብር በራሳቸው የሚመለሱ ቢኖሩም የሚፈለገው ዝርያ ስለመመለሱ ዋስትና የለም፤ ለዚህ ነው ከቀዘቀዘ በኋላ መጨመር የሚመከረው።

የተዘጋጀውን ኮምፖስት በሙሉ መሬት ላይ ከመበተን ይልቅ ድንቹ በሚተከልበት ቦይ ውስጥ በዘሩ ዙሪያ ማድረግ ይበጃል። በኦርጋኒክ አሠራር የሚፈቀዱ የመዳብ ውሕዶችም ፈንገስን ስለሚገድሉ ከትራይኮደርማ ጋር አንድ ላይ አይጠቀሙባቸው። ከሁሉም በፊት ግን ቅርፊት ያለበትን ድንች ለዘር አያስቀሩ፤ በሽታው አብሮ ከተተከለ ትራይኮደርማው ዕዳ ሲከፍል ይኖራል።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ አጭር ነው። በእርጥብ ወራት የድንችን ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ ነፋስ በሚያመላልሰው ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ በተባለ ተዋስያን የሚመጣ በመሆኑ፣ በአፈር ውስጥ የተጨመረ ትራይኮደርማ አይመክተውም። ለዚያ የሚረዳው በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ መምረጥ፣ ተክሉን አራርቆ መትከልና አፈር በሚገባ ማስታቀፍ ነው።

ጥያቄ፦ ፍጉን ሳላበስለው በቀጥታ ብጨምረው ለአፈሩ ሕያዋን ምግብ ይሆናል በሚል ተግባራዊ አደረግሁት፤ ካሮቱ ግን ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ሆኖ ወጣ፤ ጎረቤቴም ድንቹን እከክ ያዘበት። ፍጉ ነው ወይስ ሌላ?

መልስ፦ ጥሬ ፍግ በከፊል ይጠየቃል። የካሮት ዋና ሥር መንታ የሚሆነው በለጋነቱ ጫፉ ሲጎዳ ወይም እንቅፋት ሲያጋጥመው ነው፤ ድንጋይ፣ የተጠቀጠቀ አፈር፣ ያልፈረሰ የፍግ ጓል፣ ኔማቶድ የሚባሉት ጥቃቅን ትሎችም ሊያደርሱት ይችላሉ። ጥሬ ፍግ በአንድ ጊዜ የሚለቀው ናይትሮጂንም ቅጠሉን አብዝቶ ሥሩን ፀጉራም ያደርገዋል። የድንች እከክን የሚያመጣው ደግሞ ስትሬፕቶማይሲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። በሽታው የሚጸናው አፈሩ ወደ አልካሊነት ሲያዘነብልና ድንቹ ኳር በሚይዝባቸው ሳምንታት ሲደርቅ ነው፤ ጥሬ ፍግም ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል። ስለዚህ ጎረቤትዎ በእነዚያ ሳምንታት ውሃ ባያጓድሉ፣ ለድንቹም መሬት አመድ ወይም ኖራ ባይጨምሩ መልካም ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ የተመጋቢው ጤና ነው። የሥራሥር ሰብል የሚበላው ክፍል ከአፈር ጋር የሚነካካ በመሆኑ በፍግ ውስጥ ያሉ ተዋስያን በቀጥታ ይደርሱበታል። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ እንዲህ ላሉ ሰብሎች ጥሬ ፍግ በአፈር ውስጥ ተቀላቅሎ እስከ ምርት ስብሰባ ቢያንስ 120 ቀን እንዲያልፍ ያስገድዳል። ካሮት ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሊደርስ ስለሚችል ገደቡ በተግባር ፍጉን ለቀደመው ሰብል መስጠትን ወይም ማብሰልን ይጠይቃል። ይኸው ደንብ ፍጉ በረድፍ ተከምሮ ሲበስል ከ55 ዲግሪ በላይ ሙቀትን ለ15 ቀናት ይዞ በነዚህም ቀናት አምስት ጊዜ እንዲገላበጥ ያዛል። ማገላበጡ የውጩ ወደ ውስጥ ገብቶ እንዲሞቅ ነው፤ ሙቀቱን በቴርሞሜትር መለካት እንጂ በእንፋሎቱ መገመት አይበቃም።

ፍጉን ሲያበስሉ ብቻውን አይከምሩት። ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም ሰጋቱራ ቀላቅለው የካርቦኑ መጠን ከናይትሮጂኑ ከ25 እስከ 30 እጥፍ እንዲሆን ያድርጉ፤ ክምሩ አሞኒያ ከሸተተ ደረቁ ነገር አንሷል ማለት ነው። መብሰሉን ለማረጋገጥ ኮምፖስቱን በሳህን አድርገው ጥቂት የራዲሽ ዘር ይዝሩበት፤ በአፈር ላይ ከተዘራው ጋር እኩል ከበቀለ ለካሮት መደብ ደርሷል።

ጥያቄ፦ የማይኮራይዛውን ዕቃ በየዓመቱ መግዛት አልችልም። እንደ እርሾ ከራሴ ማሳ ላባዛው እችላለሁ?

መልስ፦ ይቻላል፤ እርሾ ማለትዎም ተስማሚ አነጋገር ነው። ልዩነቱ ይህ እርሾ የሚቦካው በሊጥ ሳይሆን በሕያው ሥር መሆኑ ነው። ለብዙ ዓመት ያልታረሰና ሣር በብዛት ካለበት ስፍራ የላይኛውን 15 ሴንቲሜትር አፈር ከቀጫጭን ሥሮቹ ጋር ይውሰዱ። ሥሮቹን በአጭር በአጭሩ ቆራርጠው በሙቀት ከተፀዳ ሻካራ አሸዋ ጋር በእኩል መጠን ይቀላቅሉና በዕቃ ሞልተው ማሽላ ጥቅጥቅ አድርገው ይዝሩበት። ኮምፖስት አይጨምሩበት፤ ተክሉ መራቡ ነው ፈንገሱን የሚያበዛው። ከ3 እስከ 4 ወር ካደገ በኋላ ውሃ ያቁሙ። ተክሉ እየደረቀ ሲሄድ ፈንገሱ ስፖር፣ ማለትም የሚራባበትን ደቃቅ ዘር መሰል አካል ያበዛል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግንዱን ቆርጠው ይጥሉና አፈሩን ከተቆራረጠው ሥር ጋር በጥላ ያድርቁት።

አንድ አደጋ አለው። ከአፈሩ ጋር ኔማቶድና የሥር በሽታም ሊባዙ ይችላሉ። ስለዚህ አፈሩን ድንች፣ ካሮት ወይም ቲማቲም ከነበረበት ቦታ አይውሰዱ፤ የማሽላውንም ሥር አጥበው ይመርምሩት። እብጠት ወይም የበሰበሰ ክፍል ካዩበት ዕቃውን በሙሉ ያስወግዱት፤ የአራት ወር ድካም ቢያሳዝንም ማሳ ከማበላሸት ይሻላል።

ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ከእያንዳንዱ የስኳር ድንች ወይም የካሳቫ ቁራጭ ሥር ከ10 እስከ 20 ግራም ያድርጉ፤ ለካሮት ደግሞ በመስመሩ ውስጥ ከዘሩ በታች ይርጩት። ፈንገሱ ወደ ሥሩ የሚገባው ሲነካካ ስለሆነ በመደቡ ገጽ ላይ መበተን ዋጋ የለውም። የተረፈውን አየር በሚያስገባ ከረጢት ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጠው በቀጣዩ የተከላ ወቅት ይጨርሱት፤ ለዘር የሚሆን ጥቂት ብቻ አስቀርተው በአዲስ አሸዋ ላይ ማሽላውን እንደገና ይዝሩ።